ለርካሽ የጆሮ ማዳመጫም ፍተሻ ይገባዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጦቻችን የቴክኖሎጂ ዓምዶች አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ስለ ካሜራውና ስለ ስክሪኑ በዝርዝር ይጽፋሉ፤ ከአንባቢው ብዙው ግን ያንን ስልክ አይገዛውም። አንባቢው የሚገዛው ከመርካቶ፣ ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ ሱቆች፣ አለዚያም ከሱቅ በደረቴ እጅ በጥቂት መቶ ብር የሚያገኘውን የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ እሱንም የሚገዛው የሚመክረው ሳያገኝ፣ በጆሮው ሳይሞክረው፣ ማሸጊያው ላይ የታተመውንና ሻጩ «ኦርጅናል ነው» የሚለውን ብቻ አምኖ ነው። ሥራዬ በድምፅ የተቀዱ ስብሰባዎችን እያዳመጥኩ ወደ ጽሑፍ መመለስ ስለሆነ ይህ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አይለይም፤ ውዱን ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድም ርካሹን መርምሮ መምረጥ የሥራዬ አንድ አካል ሆኗል። ርካሽ ስል ዋጋው ከአንድ ሺህ ብር ብዙም የማይርቀውን ማለቴ ነው። ስለዚህ ዕቃ የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈልና በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ለእናንተ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ለስልክ ጥሪ፣ ለሬዲዮ፣ ለትምህርትና ለመዝሙር የሚሆን ማዳመጫ በትንሽ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው፣ ስልኩ የኢርፎን ቀዳዳ ካለው፣ ባለ ገመዱን ቢገዛ ይሻለዋል። ገመድ አልባውን የሚመርጥ ሰው ደግሞ የሚመርጠው ሥራው እጁንና እንቅስቃሴውን ነፃ እንዲያደርግ ስለሚያስገድደው እንጂ በዚያው ዋጋ የተሻለ ድምፅ አገኛለሁ ብሎ መሆን የለበትም።

ምክንያቱ የወጪ ጉዳይ ነው። በባለ ገመድ ማዳመጫ ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማውጫዎች፣ አንድ ማይክ፣ ገመድና መሰኪያ ብቻ ናቸው፤ ድምፅ ማውጫው ከማግኔት፣ ከጥቅል ሽቦና ከስስ ሽፋን የሚሠራ ስለሆነ በአነስተኛ ወጪም ደህና ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ገመድ አልባው ግን በዚያው ዋጋ በእያንዳንዱ ጆሮ የሬዲዮ መቀበያ፣ በቁጥር የመጣውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልስ ክፍል፣ ማጉያ፣ ባትሪና ማይክ ማካተት አለበት፤ በዚያ ላይ ሦስተኛውን ባትሪ የያዘው ማስቀመጫ ሳጥን አለ። አምራቹ ገንዘቡን ለዚህ ሁሉ ሲያከፋፍል ለድምፅ ማውጫው የሚተርፈው ጥቂት ነው። በውዶቹ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ይህ ችግር በዋጋ ይሸፈናል፤ በርካሾቹ ግን የሚሸፈነው ቤዙን ከልክ በላይ በመጨመር ነው።

ከድምፁም በፊት የሚፈተሸው ማዳመጫው በጆሮ ውስጥ የሚገጥምበት ሁኔታ ነው። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ጎርናናውን ድምፅ በሚገባ የሚያደርሰው በላስቲኩና በቆዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ከሌለ ብቻ ነው፤ ትንሽ ክፍተት እንኳ ካለ ቤዙ በዚያ ይሾልክና ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ይቀራል። ሰዎች «ድምፁ ቆርቆሮ ነው» ብለው የጣሉትን ኢርፎን ተቀብዬ ላስቲኩን ብቻ ስቀይርለት ደህና ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። በማሸጊያው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ልክ ላስቲክ ይገኛል፤ የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል ለአንዱ መካከለኛውን፣ ለሌላው ትልቁን ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። መግጠሙን ለማወቅ ማዳመጫዎቹን ምንም ድምፅ ሳይከፍቱ አድርጎ በተለመደው ድምፅ መናገር በቂ ነው፤ የራስ ድምፅ ከራስ ቅል ውስጥ እንደሚወጣ ጎርነን ብሎ ከተሰማ ገጥሟል፣ እንደ ወትሮው ከተሰማ ግን ክፍተት አለ።

ይህ መግጠም ከጤና ጋርም የተያያዘ ነው። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሞተሩ ጩኸት፣ የረዳቱ ጥሪና የሹፌሩ ቴፕ ተደራርበው ሲመጡ፣ ማዳመጫው ክፍተት ያለበት ሰው የውጪውን ጫጫታ ለመብለጥ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የድምፅ መጠን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ሲሆን ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሰው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ረጅም የታክሲ ጉዞ ካለውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚሄድ ከሆነ የሳምንቱን ድርሻ ገና ሳምንቱ ሳይጋመስ ሊጨርሰው ይችላል። ዴሲቤል መለኪያ በኪሱ ስለማይዝ፣ ይኸው ድርጅት ከስልኩ ከፍተኛ መጠን 60 በመቶ እንዳይታለፍ የሚሰጠውን ምክር መከተል ይችላል። እኔ ይህንኑ ምክር ለመምረጫም እጠቀምበታለሁ፤ መንገድ ዳር ቆሜ በ60 በመቶ የሰው ንግግር ካልሰማሁበት ያ ማዳመጫ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አልገዛውም።

ድምፁን መሞከር የሚገባው ደግሞ ገዢው ራሱ አስቀድሞ በሚያውቀው ቅጂ ነው። ሻጮች ለማሳያ የሚከፍቱት ብዙውን ጊዜ ቤዙ የሚደበድብ ዘፈን ነው፤ እንዲህ ያለው ዘፈን ድክመትን ስለሚሸፍን ለፍተሻ አይሆንም። በስልክ ላይ ሁለት ነገር ጭኖ መሄድ ይበቃል፦ አንዱ ጥርት ብሎ የተቀዳ የአማርኛ ንግግር፣ ሁለተኛው የበገና ድምፅ። በንግግሩ ውስጥ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ዘ» ሲመጡ ጆሮን የሚልጥ ፉጨት ከተሰማ ቀጭኑ ድምፅ ከልክ ያለፈ ነው፤ «ቀ»፣ «ጠ» እና «ጨ» ደግሞ በየራሳቸው ተለይተው ካልፈነዱና ንግግሩ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ያህል ከደበዘዘ ቤዙ መካከለኛውን ድምፅ ውጦታል። ለእኔ ሥራ ይህ ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቃል ለመለየት ቅጂውን ደጋግሜ ወደ ኋላ እንድመልስ ያስገድደኛል።

በገናን የምመርጠው የመሣሪያው ጠባይ ለፍተሻ ስለሚመች ነው። አሥሩ አውታሮቹ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሲሆኑ፣ አውታሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት ላይ የምትገባው እንዚራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ያንን የሚንዘዝ ድምፁን ትሰጠዋለች። ጥልቁ ድምፅና በላዩ የሚንሳፈፈው መንዘዝ ባንድነት ስለሚመጡ፣ ጎርናናውን ብቻ የሚያሰማ ማዳመጫ በገናውን ወደ ድፍን እምምታ ይለውጠዋል፤ ቀጭኑን ብቻ የሚያሰማው ደግሞ የላላ ሽቦ ይመስል ያንቀጫቅጨዋል። ደህናው ማዳመጫ ሁለቱንም ለይቶ፣ የደርዳሪውን ድምፅም ሳይሸፍን ያሰማል። ከዚህ ያለፈ ፍተሻ የሚፈልግ ሰው ዋሽንትና ማሲንቆ ይጨምርበት፤ እኔ ግን በገናውን ያለፈ ኢርፎን በእነዚህ ሲወድቅ አላየሁም።

የግራውና የቀኙ እኩልነትም መታየት አለበት፤ በርካሽ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉድለት ይህ ነው። ንግግሩ ሲከፈት የተናጋሪው ድምፅ ከግንባር መሀል እንደሚመጣ ሆኖ መሰማት ይገባዋል። ወደ አንድ ጎን ካደላ ማዳመጫዎቹን ግራና ቀኝ ለዋውጦ መሞከር ያሻል፤ ማድላቱ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የማዳመጫው ነው፣ በዚያው ጎን ከቀረ ግን የጆሮ ወይም የላስቲኩ አገጣጠም ነው። ድምፁ ጭራሽ ቦታ አጥቶ በሁለቱም ጎን ባዶ ሆኖ ከተሰማና ቤዙም ከጠፋ፣ በፋብሪካው አንደኛው ድምፅ ማውጫ ሽቦው ተገልብጦ ተበይዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሳይከራከሩ መመለስ ነው።

በማሸጊያ ላይ ከሚታተመው ውስጥ ለምርጫ የሚረዳው ጥቂት ነው። «ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ» የሚለው ጽሑፍ የሰው ጆሮ ሊሰማ የሚችለውን ስፋት ይገልጻል እንጂ ማዳመጫው በዚያ ስፋት ውስጥ እኩል መሥራቱን አይናገርም፤ ስለዚህ በጥሩውም በመጥፎውም ላይ ይገኛል። የድምፅ ማውጫው ስፋት በሚሊሜትር መጻፉም እንዲሁ ነው፤ አሥር ሚሊሜትሩ ከአሥራ ሦስቱ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። «ብሉቱዝ 5.3» የሚለውም የሬዲዮውን ሥሪት ይገልጻል እንጂ የድምፁን ጥራት አይገልጽም፤ ድምፁ የሚጨመቅበት መንገድ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የተለመዱት ብሉቱዝ ማዳመጫዎች ሁሉ እንዲደግፉት የሚገደዱት ኤስቢሲ የተባለው መነሻ ዘዴም ለዕለታዊ አገልግሎት በቂ ነው።

አንድ ማሳሳቻ ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የውጪ ጫጫታን የሚያጠፋ ማዳመጫ ሁለት ዓይነት ስም ይዞ ይሸጣል። ኤኤንሲ የሚባለው ለአዳማጩ የሚሠራ ነው፤ ማይኩ የውጪውን ጫጫታ ይሰማና ተቃራኒውን ሞገድ በማውጣት፣ በተለይ እንደ ሞተር ያለውን ጎርናናና የማይለዋወጥ ድምፅ ይቀንስለታል። ኢኤንሲ የሚባለው ግን በጥሪ ጊዜ በሌላው ወገን ላለው ሰው የሚሠራ ነው፤ ከማይኩ የሚገባውን የአካባቢ ጫጫታ አጣርቶ የተናጋሪውን ድምፅ ለመለየት ይሞክራል እንጂ ለባለቤቱ ጆሮ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም። በርካሾቹ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ሲሆን፣ ገዢው ግን በታክሲ ውስጥ ጸጥታ የሚያገኝ መስሎት ይከፍላል። በዚህ ዋጋ ጸጥታ የሚገኘው በሚገባ ከገጠመ ላስቲክ ነው።

ስለ ጥሪ ካነሣሁ፣ የማይኩን ነገር ልጨምር። የባለ ገመዱ ማይክ ከአገጭ አካባቢ ተንጠልጥሎ ለአፍ ይቀርባል፤ የገመድ አልባው ግን ጆሮ ላይ ስለሆነ ከአፍ ርቆ፣ የነፋሱንና የመኪናውን ድምፅ ከተናጋሪው ድምፅ እኩል ይሰበስባል። በዚያ ላይ በብሉቱዝ የሚደረግ ጥሪ ማይኩን ሲከፍት ወደ ሌላ አሠራር ይሸጋገራል፤ ሙዚቃ ሲሰማ በሴኮንድ ብዙውን ጊዜ 44,100 ጊዜ የሚለካው ድምፅ በጥሪ ጊዜ ወደ 16,000 ወይም ወደ 8,000 ይወርዳል፣ የግራና የቀኝ ልዩነቱም ይጠፋል። በኢንተርኔት ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች «ሙዚቃ ላይ ጥሩ ነው፤ ክፍል ስገባ ግን ድምፁ ይበላሻል» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። በኮምፒውተር የሚከታተል ሰው በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ማይኩን የኮምፒውተሩን፣ መስሚያውን ደግሞ የማዳመጫውን አድርጎ ቢመርጥ የመምህሩ ድምፅ ወደ ጥራቱ ይመለስለታል። ማይክን ለመፈተን የሚበጀው መንገድ ከሱቁ ወጥቶ መንገድ ዳር ለወዳጅ ደውሎ መጠየቅ ነው፤ በሱቁ ውስጥ ሁሉም ማይክ ጥሩ ነው።

ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ደግሞ ለባለ ገመዱ የሚያደላበት ተጨማሪ ምክንያት አለው። ኤፍኤም ያላቸው አብዛኞቹ ስልኮች የኢርፎኑን ገመድ እንደ አንቴና ይጠቀሙበታል። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመት ሦስት ሜትር ያህል ስለሆነ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢርፎን ገመድ ለመቀበል ይመቸዋል። ገመዱ ካልተሰካ ብዙ ስልኮች ሬዲዮውን ለመክፈት እንኳ እምቢ ይላሉ፤ ገመድ አልባ ያለው ሰው ጣቢያውን በኢንተርኔት ለመስማት ዳታ መክፈል ይኖርበታል። 102.1ንም ሆነ 97.1ን ለሚያዘወትር ሰው ይህ በየወሩ የሚደጋገም ወጪ ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን አንቴናነቱ ስለሚቀንስ ሬዲዮው ቢንሿሿ ማዳመጫውን መውቀስ አይገባም።

የባለ ገመዱን ድክመት ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ድምፅ ማውጫው ሳይሆን ገመዱ ነው፤ የሚቆረጠውም በመሰኪያው አንገት ወይም ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ነው። ስለዚህ በሚገዛበት ጊዜ እነዚህን ሁለት ቦታዎች በእጅ ማጠፍ፣ ለስላሳ የላስቲክ አንገት እንዳላቸው ማየት፣ ከተሰካ በኋላም መሰኪያውን ማሽከርከርና ድምፁ የሚቆራረጥ መሆን አለመሆኑን መስማት ያስፈልጋል። ስልኩን በኪስ ለሚይዝ ሰው መሰኪያው ቀጥ ካለው ይልቅ በማዕዘን የታጠፈው ይሻለዋል። ከተበላሸም የሞባይል ጠጋኝ የተቆረጠውን ክፍል አውጥቶ በአዲስ መሰኪያ ሊበይደው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ቀዩ ሽቦ የቀኙ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራው፣ የመዳብ መልክ ያለው የጋራቸው ነው፤ ሽቦዎቹ በቀጭን ቫርኒሽ የተለበጡ ስለሆኑ እሱ ሳይቃጠል ብየዳው አይዝም። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል።

መሰኪያውም ቢሆን ሁልጊዜ አይስማማም። 3.5 ሚሊሜትሩ መሰኪያ ላይ ሦስት ጥቁር ወይም ነጭ ቀለበት ካለ ማይክ ያለው ነው፣ ሁለት ብቻ ካለ የለውም። ማይክ ያላቸው ደግሞ በሁለት ሥርዓት ይሠራሉ፤ ዛሬ የተለመደው ሲቲአይኤ የሚባለው ሲሆን በቀድሞው ኦኤምቲፒ የማይኩና የጋራው ሽቦ ቦታ ተለዋውጧል። አንድ ኢርፎን ሲሰካ ከበሮው እየተሰማ የዘፋኙ ድምፅ ከሩቅ ጉድጓድ የመጣ ከመሰለ፣ የጥሪውን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዙት ደግሞ ከተስተካከለ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ ከስልኩ ጋር አልተስማማም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ኢርፎን ቀዳዳ ካወጣና በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤርፖድን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ቀዳዳውን የተዉ ስልኮች በዝተዋል፤ ለእነዚህ በታይፕ ሲ የሚሰካ ባለ ገመድ አለ። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ አንዳንዱ የታይፕ ሲ ኢርፎን በቁጥር የመጣውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ክፍል በውስጡ ስላለው በሁሉም ላይ ይሠራል፣ ሌላው ግን ስልኩ እንዲለውጥለት ስለሚጠብቅ በብዙ ስልኮች ላይ ዝም ይላል። ማሸጊያው ይህን ስለማይናገር በራስ ስልክ ሰክቶ ማየት ግዴታ ነው።

ወደ ገመድ አልባው ስመለስ፣ ዕድሜውን የሚወስነው ባትሪው መሆኑን ገዢው አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። በአንድ ጆሮ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ 5,000 ካለው የዛሬ ስልክ ባትሪ ጋር ሲነጻጸር መቶኛውን ያህል እንኳ ነው ለማለት ይከብዳል። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ዕለት ዕለት ባዶ እስኪሆን የሚሠራበት ሰው ይህን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ያየዋል። ባዶውን ለወራት ማስቀመጥ ደግሞ ከዚህም ፈጥኖ ይገድለዋል። የባለ ገመዱ ገመድ ይጠገናል፤ የዚህኛው ባትሪ ግን በሙጫ በተዘጋ ቅርፊት ውስጥ ስለሆነ በዚህ ዋጋ የሚጠግነው የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰውም ስልኩን ሲሞላ ሌላ የሚሞላ ነገር እየጨመረ መሆኑን ያስብበት። ሳጥኑ በታይፕ ሲ የሚሞላ መሆኑን ማየት ቀላል ፍተሻ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ ማዳመጫዎችም ጭምር በዚህ እንዲሞሉ ስላስገደደ፣ አሮጌ መሙያ ያለው ሳጥን ያረጀ ክምችት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ብሉቱዝ ድምፁን ለማድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሴኮንድ መዘግየት የተለመደ ነው። ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ጌም ለሚጫወትና በስልኩ የሙዚቃ ኪቦርድ ለሚለማመድ ግን ትልቅ ነገር ነው። ብሉቱዝ የሚጠቀምበት የ2.4 ጊጋ ሄርዝ ሞገድ በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ አያልፍም፤ ስልኩን በኋላ ኪስ አድርጎ፣ በተጨናነቀ ስፍራ ሄዶ፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ዕቃው ደካማ ነው። ይህንን በሱቁ ደጃፍ ስልኩን ኋላ ኪስ ከትቶ ጥቂት እርምጃ በመሄድ ማወቅ ይቻላል። ስለ ውኃ መከላከያው የሚጻፈውን ቁጥር ለዝናብ አልታመንበትም፤ አይፒኤክስ4 ማለት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን መቻል ነው፣ አይፒኤክስ7 ደግሞ በአንድ ሜትር ጥልቀት 30 ደቂቃ መቆየት ነው፤ ሳጥኑ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይካተትም።

በአፕል ኤርፖድ አምሳል ተሠርተው የሚሸጡትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ሳጥኑን ከአይፎን አጠገብ ሲከፍቱት በስክሪኑ ላይ የሚመጣው ሥዕል ለኦርጅናልነቱ ማስረጃ አይደለም፤ ኮፒዎቹም ያንኑ ሥዕል ያስመጣሉ። በርካሽ ዋጋ የሌላ መልክ ለብሶ ከሚሸጥ ይልቅ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ይሻላል፤ ቢያንስ ከተበላሸ በማን ስም እንደሚጠየቅ ይታወቃል።

ገመድ አልባው በእውነት የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ። ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ወጥ ቤት የሚውል ሰው፣ ስፖርት የሚሠራ ሰው ገመድ ይጠልፈዋል። በዓረብ አገሮች ቤቶች የሚሠሩ እኅቶቻችን ከቤተሰብ ጋር በአይሞ ሲነጋገሩ አንዱን ጆሮ ብቻ አድርገው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ አንደኛው ሲያልቅ ሌላውን እየተኩ ባትሪውን እጥፍ ያደርጉታል። ለእነዚህ ሁሉ ዋናው መስፈርት እያንዳንዱ ጆሮ ለብቻው መሥራት መቻሉና አንደኛው ሲጠፋ ሌላው አለመቋረጡ ነው፤ ይህንንም ሻጩ ፊት አንዱን ሳጥን ውስጥ መልሶ በማየት ማረጋገጥ ይቻላል። መኪና የሚያሽከረክር ሰው ግን ለሁለቱም ዓይነት ምክር አይጠይቀኝ፤ መንገድ ላይ ጆሮ ክፍት መሆን አለበት።

ሻጮች ብዙ ጊዜ «ጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ አይሞከርም» ይላሉ። ለንጽሕና ከሆነ ሐቅ አላቸው፤ መፍትሔው ገዢው የራሱን ላስቲክ ይዞ መሄድና ሲጨርስ ማውጣት ነው፣ ይህን ሲያዩ የሚፈቅዱ ሻጮችም አሉ። ሳይሞከር ክፈል፣ ከከፈልክም አይመለስም የሚለው ግን ተቀባይነት የለውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ይህ መብት አይቀነስም። ደረሰኝ መቀበልም ልማድ ቢሆን መልካም ነው፤ ከሱቅ በደረቴ ደረሰኝ ስለማይገኝ ከእሱ የሚገዛ ሰው ፍተሻውን እዚያው ቆሞ ይጨርስ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በገበያው በብዛት የሚሸጡትን ርካሽ ማዳመጫዎች፣ ባለ ገመዱንም ገመድ አልባውንም፣ እንድትፈትሹልን እለምናለሁ። ዕቃው አስመጪው ወይም ሻጩ የላከው ናሙና ሳይሆን ጋዜጣው በራሱ ገንዘብ እንደ ማንኛውም ሰው ከሱቅ የገዛው ይሁን፤ ፍተሻው በአንድ ስልክ፣ በተመሳሳይ የንግግርና የበገና ቅጂ፣ በተለያየ ዕድሜ ባሉ ጥቂት ሰዎች ጆሮ ይደረግ። ርካሽ ዕቃ በተገዛ ማግስት ሁሉም ደህና ስለሆነ፣ ከወራት በኋላ ገመዱና ባትሪው በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ተመልሳችሁ ብትጽፉ ከመጀመሪያው ዘገባ ይልቅ ይህ ይጠቅመናል። በአንድ ስምና በአንድ ዓይነት ማሸጊያ የሚመጣው ዕቃ ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ውስጡ ሊለወጥ ስለሚችልም፣ ውጤቱ ሲታተም የተገዛበት ወር፣ የተከፈለው ዋጋና በማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ቁጥር አብሮ ቢወጣ አንባቢው በሱቅ ውስጥ የያዘው ያው እናንተ የፈተሻችሁት መሆኑን ማመሳከር ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የስብሰባ ቅጂ ጸሐፊ የሆንኩ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ